የዱከም የሕግ ምሩቅ ልምዱን ከየት ይግዛ?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአሮጌው የናዝሬት መንገድ የሚወርድ ነጋዴ ዱከም ሲደርስ ሁለት ነገር ሳያይ አያልፍም። አንደኛው በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ሥጋ ቤቶች ናቸው። ሁለተኛው የኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ነው። ሦስተኛውን የሚያየው ግን ጉዳይ የገጠመው ብቻ ነው፤ እንደ ማንኛውም የአገሪቱ ከተማ ከፍርድ ቤት አካባቢ ጥላ ፈልጎ፣ ጠረጴዛና ወንበር ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ።

ራፖር ጸሐፊን መናቅ አይገባም። ለብዙ ዘመን የድሃው ጠበቃ እርሱ ነበር፤ ዛሬም ነው። ነገር ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ውል የፈረመ ባለፋብሪካ ሠራተኛው ሲከሰው የሚጣደፈው ወደዚያው ጥላ ሥር ከሆነ፣ ወይም «ሰው አውቃለሁ» ወደሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ከሆነ፣ በከተማዋ የሕግ አገልግሎት ገበያ ውስጥ አንድ የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነው።

ፍላጎቱ የለም እንዳይባል አለ። ቻይናውያን ባለሀብቶች የዞኑን ሥራ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከጀመሩ ወዲህ ዱከም የጫማ፣ የሲሚንቶ፣ የብረታ ብረት፣ የጨርቃ ጨርቅና የተሽከርካሪ መገጣጠሚያ ፋብሪካዎች አምባ ሆናለች። ስሙ ብዙ የተነሳለት የሁዋጂያን ጫማ ፋብሪካ እዚሁ ማምረት የጀመረው በጥር 2004 ዓ.ም. ነበር። ፋብሪካ ባለበት ውል አለ፤ ሠራተኛ ባለበት ቅጥርና ስንብት አለ፤ ዕቃ ከጅቡቲ በሚገባበት የመድንና የጉምሩክ ክርክር አይጠፋም።

አቅርቦቱም የለም እንዳይባል ከፍላጎቱ ይብሳል። በየክልሉ የተከፈቱት ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ የሕግ ምሩቃን ያወጣሉ። የሕግ ትምህርት 5 ዓመት ይፈጃል። ሌሎች የትምህርት መስኮች በ2015 ዓ.ም. የገቡበትን አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና የሕግ ተማሪ የጀመረው ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ስለዚህ ዛሬ ዲግሪ ይዞ የሚወጣው ወጣት ሁለት ጊዜ በወንፊት ያለፈ ነው።

ታዲያ ገዢና ሻጭ ባሉበት ገበያ ግብይቱ ለምን አይፈጸምም? መልሱ በየጋዜጣውና በየሰሌዳው ከሚለጠፈው የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ላይ ይገኛል። ማስታወቂያው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ የትምህርት ደረጃ፣ በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ፤ የሥራ ልምድ፣ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ፤ ደመወዝ፣ በስምምነት። ምሩቁ የመጀመሪያውን መስመር አንብቦ ይደሰታል፤ ሁለተኛውን አንብቦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሦስተኛው መስመር ላይ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው።

የጥብቅና ፈቃድም ቢሆን ያው ነው። ዲግሪ ብቻውን ጠበቃ አያደርግም፤ ፈተና አለ፣ የሥራ ልምድ አለ፣ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ። ይህ መሆኑ ተገቢ ነው። መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ የሰው ሀብትና ነፃነት ይዞ ችሎት ይቁም የሚል የለም። ችግሩ ልምድ የሚጠይቅ በር በየመንገዱ ሲተከል ልምድ የሚሰጥ በር ያልተከፈተ መሆኑ ነው። ዋና የማያውቅ ወንዝ አይግባ ይባላል፤ ወንዝ ያልገባ ደግሞ ከየት ዋና ይልመድ?

በመሆኑም ዛሬ በሕግ ሙያ ገበያ ውስጥ ብርቅ የሆነው ሸቀጥ ዲግሪው አይደለም። በአዋቂ ዓይን ሥር የተሠራ የሁለትና የሦስት ዓመት ሥራ ነው። ምሩቁ የሚመርጠውም መንገድ በዚሁ መለካት አለበት።

ሦስት በሮች

ለምሳሌ ያህል ዲግሪዋን በቅርቡ የያዘች አንዲት የዱከም ወጣት ትታሰብ። አባቷ የአድአን ጤፍ ወደ አዲስ አበባ የሚጭን እህል ነጋዴ ነው። ነጋዴ ስለሆነ ሂሳብ ይወዳል። «አንቺ ልጅ፣ አምስት ዓመት ተምረሽ ዛሬም ገና ልትማሪ ነው?» ይላታል። «አባዬ፣ እስካሁን የተማርኩት ሕጉን ነው፤ ሥራውን ገና ነኝ» ትለዋለች። አባት በመልሱ አይረካም፤ ልጅቱ ግን ተሳስታ አይደለም።

ከፊቷ ሦስት በሮች አሉ። የመጀመሪያው የመንግሥት በር ነው፤ በኦሮሚያ ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ መሆን። ለዚህ ሥራ የሚመለመሉትን የሚያሠለጥነው የክልሉ የሕግ ባለሙያዎች ማሠልጠኛና የሕግ ምርምር ኢንስቲትዩት የሚገኘው እዚያው አዳማ ነው። የክልሉን ዳኞች የሚሾመው ጨፌው ነው። ደመወዙ የሚያስቀና አይደለም፤ ምድቡም ከቤት ርቆ ሊሆን ይችላል። ጥቅሙ ሌላ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ የምታየው መዝገብ ብዛት በየትኛውም የግል ቢሮ በአምስት ዓመት አይገኝም። ከሁሉም በላይ ሕጉን በኦሮምኛ መጻፍና መናገር ትለምዳለች። የዚህ ዋጋ ኋላ ይታያል።

ሁለተኛው በር አዲስ አበባ ነው፤ በታወቀ ጠበቃ ቢሮ ረዳት መሆን። አብዛኛው ምሩቅ የሚያልመው ይህን ነው። እንደ ድሮው ቢሆን ኖሮ ሕልሙ ብዙ የሚያዛልቅ አልነበረም። በአዋጅ ቁጥር 199/1992 ዘመን ፈቃዱ የሚሰጠው ለግለሰብ በመሆኑ ቢሮው የአንድ ሰው ነበር። ረዳቱ ፋይል ይሸከማል፣ ቀጠሮ ይመዘግባል፣ መልስ ያረቃል፤ ጠበቃው ሲያርፍ ወይም ሲታመም ደንበኛውም ዝናውም አብሮ ይቀራል። ረዳት ሽርክ የሚሆንበት መሰላል አልነበረም። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ይህን ለወጠው። ጠበቆች ኃላፊነቱ በተወሰነ የሽርክና ማኅበር ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቀደ፤ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርም በሕግ ተቋቋመ። ድርጅት ሲኖር ጀማሪ አለ፣ መካከለኛ አለ፣ ሽርክ አለ፤ ወጣቱን ማሠልጠንም ለድርጅቱ ምጽዋት መሆኑ ቀርቶ የነገ ሀብቱ ይሆናል።

ሆኖም ለዱከሟ ልጅ ይህ በር ሁለት ወጪ አለው። አንዱ የሚታይ ነው፤ የአዲስ አበባ ቤት ኪራይ፣ ወይም በየቀኑ ወደ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድና ያንኑ ያህል መመለስ፣ ያውም በጀማሪ ደመወዝ። ሁለተኛው አይታይም። በአዲስ አበባ ቢሮ የምትማረው በፌዴራል ፍርድ ቤቶች በአማርኛ መከራከር፣ በእንግሊዝኛ ውል ማርቀቅ፣ የባንክና የአክሲዮን ጉዳይ ነው። ጥሩ ትምህርት ነው። ነገር ግን የዱከም ባለፋብሪካ በሠራተኛው ሲከሰስ መጥሪያው የሚደርሰው ከኦሮሚያ ፍርድ ቤት፣ በኦሮምኛ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ነጋዴ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በኦሮሚያ ውስጥ የሚነሳ ክርክር ሁሉ የክልል ጉዳይ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ የፌዴራል ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን ለክልል ፍርድ ቤቶች በውክልና ሰጥቷል። በ1995 ዓ.ም. በአምስት ክልሎች የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ሲወሰን ኦሮሚያ ከአምስቱ አንዷ አልነበረችም። ስለዚህ ከዱከም የሚነሳ የፌዴራል ጉዳይ እንኳ በክልሉ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። በሌላ በኩል የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በአዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት በየትኛውም የአገሪቱ ፍርድ ቤት አስገዳጅ ሆኗል፤ ያ ትርጉም የሚጻፈው በአማርኛ ነው። ውሉ ራሱ ደግሞ ከቻይናዊው ባለሀብት ጋር ሲፈረም ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው።

አንድ የዱከም ክርክር በእንግሊዝኛ ተወልዶ በኦሮምኛ አድጎ በአማርኛ ሊሞት ይችላል ማለት ነው። ሦስቱንም የሚያውቅ ጠበቃ በምሥራቁ መስመር ከገላን እስከ አዳማ በቀላሉ አይገኝም። ፈቃዱም እንደዚሁ ሁለት ነው፤ የፌዴራሉን የሚሰጠው ፍትሕ ሚኒስቴር ሲሆን ክልሉ የራሱን ይሰጣል። አዲስ አበባ ሦስት ዓመት ቆይታ የፌዴራል ፈቃድ ይዛ የምትመለስ ልጅ፣ ከቤቷ አጠገብ ባለው ችሎት በክልል ጉዳይ ለመቆም እንደገና በር ማንኳኳቷ አይቀርም። መንገድ ከመምረጧ በፊት መጠየቅ ያለባት ጥያቄ «የትኛው ቢሮ ይከበራል?» የሚለውን ሳይሆን «ነገ የምቆመው በየትኛው ችሎት ነው?» የሚለውን ነው።

የፋብሪካው በር

ሦስተኛው በር ከቤቷ በእግር የሚደረስበት ነው፤ ፋብሪካው። በአማርኛው ነገረ ፈጅ የሚባለው የድርጅት የሕግ ባለሙያ መሆን። ምሩቃን ይህን በር ሲንቁት ይሰማል፤ «ፋብሪካ ገብቼ የቅጣት ደብዳቤ ልጽፍ ነው?» ይላሉ። አዎን፣ የቅጣት ደብዳቤ ትጽፊያለሽ። ዱከም ላይ ትልቁ ገንዘብ የሚጠፋው በዚያ ደብዳቤ ነውና።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይታይ። ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያስሰናብት ጥፋት ቢፈጽም አሠሪው ጥፋቱን ካወቀበት ቀን አንስቶ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ውሉን ካላቋረጠ መብቱ ይቀራል። ሥራ አስኪያጁ ጥፋቱን አውቆ፣ «ቆይ እስቲ ኮሚቴ ይየው» ብሎ፣ ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ሳይሟላ ቀርቶ፣ በ31ኛው የሥራ ቀን ደብዳቤ ቢሰጥ ሠራተኛው በርግጥ ሰርቆ እንኳ ቢሆን ፋብሪካው ሊረታ ይችላል። በሌላው ወገን ደግሞ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሠራተኛ ክሱን ማቅረብ ያለበት ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ነው፤ በ4ኛው ወር ለመጣ ከሳሽ ደንግጦ ገንዘብ የሚያቀርብ አሠሪ በነፃ የሚያገኘውን እየገዛ ነው። የሥራ ክርክር ችሎት በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዛል። ስንብቱ ሕገወጥ ሆኖ ሠራተኛው ሲመለስ ፍርድ ቤቱ እስከ 6 ወር የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ያስከፍላል፤ ይግባኝ ተብሎ ውሳኔው ከጸና እስከ አንድ ዓመት ሊደርስ ይችላል።

የእህል ነጋዴው አባት የሚወደው ሂሳብ እዚህ ጋ ይመጣል። በአንድ ቀን በተሳሳተ ደብዳቤ የተሰናበቱ 10 ሠራተኞች ቢመለሱ፣ የ6 ወር ውዝፋቸው ሲደመር የአንድ ሠራተኛ የ60 ወር ደመወዝ ነው። የሠራተኛውን ደመወዝ ሦስት እጥፍ የምትከፈል ጀማሪ የሕግ ባለሙያ በዚያው ገንዘብ 20 ወር ትቀጠራለች። ያውም የጠበቃው አበል፣ የሥራ አስኪያጁ ምልልስና በፋብሪካው ውስጥ የሚነሳው ማጉረምረም ሳይታሰብ ነው። ጥርስ የነከሰ ነጋዴ ጤፍ ሲገዛ እፍኝ አፈር ይከራከራል፤ ይህን የሚያህል ጉድጓድ ግን ሳያየው ያልፋል።

እንግዲህ ፋብሪካው ለልጅቱ ምን ይሰጣታል? እውነተኛ መዝገብ። የራሷን ስህተት በራሷ ዓይን ማየት። ውል ከመፈረሙ በፊት ማንበብ፣ ከተፈረመ በኋላ ሲፈርስ መገኘት። የአዲስ አበባ ረዳት ክርክሩን የሚያውቀው ፋይል ሆኖ ሲመጣ ነው፤ ነገረ ፈጅ ግን ክርክሩ ከመጋዘን ጀርባ ሲረገዝ ታውቀዋለች።

ወጥመድም አለው፤ ይህን ሳያነሱ ማለፍ ምሩቃንን ማሳሳት ነው። የመጀመሪያው ወጥመድ የሥራ መደቡ ስም ነው። ፋብሪካው የሕግ ምሩቅ ቀጥሮ «የሰው ኃይል ሠራተኛ» ወይም «አስተርጓሚና ጸሐፊ» ብሎ ይመዘግባል። ልጅቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ክስና መልስ ስታረቅ ትቆይና ስትወጣ የሚሰጣት ደብዳቤ የሕግ ሥራ መሥራቷን አይናገርም። አዋጁ በዚህ ነገር ግልጽ ነው፤ አሠሪው ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን ልክ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት። ደብዳቤው ግን መጀመሪያ በቅጥር ውሉ ላይ የተጻፈውን ነው የሚደግመው። ስለዚህ ከደመወዙ በፊት መደራደር ያለባት በመደቡ ስም ላይ ነው። ሁለት መቶና ሦስት መቶ ብር አስቀንሳም ቢሆን «የሕግ ባለሙያ» የሚለውን ታስጽፍ። ከመፈረሟም በፊት እንዲህ ያለው ሥራ ለፈቃድ የሚቆጠር መሆኑን ፈቃድ ሰጪው ዘንድ ሄዳ ትጠይቅ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ከመጠየቅ ይሻላል።

ሁለተኛው ወጥመድ ብቸኝነት ነው። በፋብሪካው ውስጥ ሕግ የሚያውቅ ሌላ ሰው ከሌለ ጽሑፏን የሚያርም የለም። ያልታረመ ስህተት ሲደጋገም ልምድ የሚል ስም ይወጣለታል። ስንት «የ10 ዓመት ልምድ» የአንድ ዓመት ስህተት አሥር ጊዜ የተባዛ እንደሆነ ችሎት የዋለ ያውቀዋል። ሦስተኛው ደግሞ የአለቃ ፊት ነው፤ «ይህ አይሆንም» ማለት ያለባት ሰው ደመወዟን ከሚከፍላት ጋር ነው የምትጋፈጠው። ለአንዲት የ23 ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም።

እነዚህ ሦስቱ ካልተፈቱ የመንግሥቱ በር ይሻላል። ከተፈቱ ግን ለዱከም ልጅ ከሦስቱ በሮች ትርፋማው የፋብሪካው ነው።

እንግሊዝ አራት ቦታ ትፈቅዳለች

በሌላው ዓለምም ቢሆን ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሶሊሲተር የሚባለው የሕግ ባለሙያ ለረዥም ጊዜ የሚወጣው በአንድ ጠባብ ድልድይ ነበር። ትምህርቱን ይጨርሳል፣ በብዙ ሺህ ፓውንድ የተግባር ኮርስ ይወስዳል፣ ከዚያ አንድ የታወቀ ቢሮ የ2 ዓመት የሥልጠና ውል እንዲሰጠው ደጅ ይጠናል። የሥልጠና ውሉ ከአመልካቹ ብዛት ስለሚያንስ ኮርሱን በብድር የተማረ ወጣት ዕዳውን ታቅፎ ይቀር ነበር። የዱከሙ ማስታወቂያ ሁለተኛ መስመር በለንደን መልኩ ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 አሠራሩ ተለወጠ። ኤስ ኪው ኢ የተባለ ሁለት ክፍል ያለው ማዕከላዊ ፈተና መጣ። ከፈተናው ይልቅ ለዱከም የሚጠቅመው ግን ሌላው ለውጥ ነው፤ ሰልጣኙ የ2 ዓመት ልምዱን ከአንድ ቢሮ ብቻ ሳይሆን እስከ 4 ከሚደርሱ ልዩ ልዩ ድርጅቶች አጠራቅሞ እንዲያመጣ ተፈቀደለት። የድርጅት የሕግ ክፍል ይሁን፣ የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ይሁን፣ ረዳትነት ይሁን ይቆጠራል። ሶሊሲተር የሆነ ሰው ያንን ልምድ በፊርማው ያረጋግጣል። አሮጌውም መንገድ ወዲያው አልተዘጋም፤ ቀድመው ለጀመሩት እስከ 2032 ክፍት ሆኖ ቆይቷል፤ ስለዚህ የእንግሊዝ ምሩቃንም የትኛው ይሻላል እያሉ ይከራከራሉ። አዲሱ መንገድ ርካሽ ነው ማለት አይደለም፤ የሁለቱ ፈተናዎች ክፍያ ብቻ ከ4 ሺህ ፓውንድ ይበልጣል፤ ወድቆ የሚደግመውም ብዙ ነው። ጎረቤት ኬንያ ደግሞ ምሩቁን ወደ ኬንያ የሕግ ትምህርት ቤት አስገብታ፣ በአንድ ጠበቃ ሥር 6 ወር አስለምዳ፣ ፈትና ታወጣዋለች። ሁለቱም አገሮች ዲግሪና ፈተና ብቻውን እንደማይበቃ አምነው ልምዱ የሚገኝበትን ቦታ በሥርዓት አበጅተዋል።

የሰልጣኝ እቁብ

ዱከም ሕግ እስኪወጣላት መጠበቅ አይኖርባትም። እቁብ ለሚያውቅ ነጋዴ አራት ድርጅት ተሰባስቦ አንድ ሰልጣኝ መያዝ ከባድ ነገር አይደለም። አንድ ጫማ ፋብሪካ፣ አንድ ብረታ ብረት፣ አንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት፣ አንድ ትልቅ የእህል ወይም የሆቴል ነጋዴ ይሁኑ። እርስ በርስ የማይፎካከሩ መሆናቸው ይበጃል፤ የአንዱ ምስጢር ለሌላው የማይጠቅም ሲሆን ለልጅቱም ጭንቀት የለባትም። በየድርጅቱ 6 ወር ብትሠራ ሲደመር 2 ዓመት ነው። አራቱ ድርጅቶች በጋራ አንድ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ይቀጥራሉ፤ በሳምንት አንድ ቀን መጥቶ የጻፈችውን ያነባል፣ ያርማል፣ ችሎት ሲቆም ይዟት ይሄዳል። በዚህ አኳኋን ብቸኝነቷ ይቀራል፣ የአለቃ ፊትም ይቀላል፤ «ጠበቃው አይሆንም ብሏል» ማለት «እኔ አይሆንም እላለሁ» ከማለት ይቀላልና።

ለዚህ የሚሆን የውል ዓይነትም አዲስ መፈልሰፍ አያስፈልግም። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የሙያ መልመጃ ውልን ያውቃል፤ የሥልጠናው ዓይነት፣ የሚፈጀው ጊዜ፣ በሥልጠና ላይ የሚከፈለው ገንዘብና የሥራው ሁኔታ በጽሑፍ እንዲሰፍር ይጠይቃል። መደበኛ ቅጥር ከተመረጠም አራት አጫጭር ውሎች ይሆናሉ፤ እያንዳንዱም ሲያልቅ የምስክር ወረቀቱን ያስከትላል። የሥራ መደቡ ስም ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ በአራቱም ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይጻፍ።

የባለሀብቱ ተቃውሞ የታወቀ ነው፤ «አሠልጥኜ ለጎረቤት ላስረክብ?» የሚል። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ሰልጣኟ ፈቃድ ካወጣች በኋላ የራሷን ቢሮ ልትከፍት ወይም አዲስ አበባ ልትወርድ ትችላለች። አንዳንዱ አሠሪ መድኃኒቱን ዋስ ጠርቶ ለአምስት ዓመት ማሰር ያደርገዋል። በጉልበት የቆየ የሕግ ባለሙያ ግን ልቡ የወጣ ባለሙያ ነው፤ ደብዳቤውን በ31ኛው ቀን ቢጽፈው ማን ያውቅበታል? ይልቅ ስትወጣ ምን እንደሚጠፋ ይታሰብ። የፋብሪካውን ውሎች፣ መጋዘኑን፣ የሠራተኛ ማኅበሩን ጸባይና የከተማውን ችሎት የምታውቅ ጠበቃ ከዱከም መንገድ ዳር ቢሮ ብትከፍት፣ አራቱ ድርጅቶች ሠራተኛ አጥተው ጠበቃ ያገኛሉ። ከአዲስ አበባ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ የነዳጅና የውሎ አበል ተከፍሎት ከሚመጣው፣ ያውም በአስተርጓሚ ከሚከራከረው ጋር ዋጋው ይነጻጸር።

እርግጥ ነው፣ አራት ነጋዴ በአንድ ነገር ላይ ማስማማት ቀላል ሥራ አይደለም። የመጀመሪያው ዕጣ ለማን ይውጣ በሚለው ብቻ አንድ ወር ሊፈጅ ይችላል። የመውጫ ፈተናው ውጤት የሚወጣው ክረምት ላይ፣ የብዙ ፋብሪካ የበጀት ዓመት የሚጀመረውም በሐምሌ ነውና ውይይቱ ከዚያ በፊት ቢያልቅ ይመረጣል። ጠበቃው የሚጠይቀው ክፍያ ለአራት ሲካፈል፣ የሰልጣኟ ደመወዝም ለአራት ተራ ሲከፈል ስንት እንደሚደርስ በአንድ ወረቀት ላይ የሚያልቅ ሂሳብ ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው አንድ ስብሰባ ነው፤ ጾም ካልሆነ በቀር ደግሞ ዱከም ውስጥ መሰብሰቢያ ቤት አይቸግርም።